ማለዳ የሚከፈተው ገጽ የማን ነው?

በመርካቶ የሱቅ ኪራይ በስፋት ብቻ አይተመንም። ዕቃው አንድ ዓይነት፣ ዋጋውም ያው ሆኖ ሳለ መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ ሱቅ ከጓሮው ሰፊ ሱቅ የበለጠ ኪራይ ታወጣለች። ምክንያቱ ለማንም ነጋዴ የተሰወረ አይደለም፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። በኮምፒዩተሩ ዓለምም ሕጉ ያው ነው። ሠራተኛው ጠዋት ወንበሩን ስቦ ብሮውዘሩን ሲከፍት ፊቱ ድቅን የሚለው የመጀመሪያ ገጽ መንገድ ዳር ያለች ሱቅ ማለት ነው። ልዩነቱ ነጋዴው የመርካቶዋን ሱቅ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ማደሩ ነው። በገዛ ቢሮው፣ በገዛ መብራቱ የምትሠራውን ይህቺን ሱቅ ግን ማን እንደያዘበት ጠይቆ አያውቅም።

የያዟት ሰዎች ዋጋዋን አሳምረው ያውቃሉ። መጠኑም የገበያ ወሬ ሳይሆን በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጉግል ላይ ባቀረበው ክስ ክርክር እንደተገለጠው፣ ኩባንያው በብሮውዘሮችና በስልኮች ላይ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገኝ የፍለጋ ሳጥን ሆኖ ለመቀመጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2022 ለአፕል ኩባንያ ለብቻው የከፈለው 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዳኛ አሚት ሜህታ በኦገስት 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ያለውን ሞኖፖሊ በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቆ ቆይቷል ሲሉ ፈረዱ። በሴፕቴምበር 2025 በሰጡት ተከታይ ውሳኔም ተወዳዳሪን በር የሚዘጉ ውሎችን ከለከሉ፤ ክፍያውን ግን ጨርሰው አላስቀሩትም።

መቼም 20 ቢሊዮን ዶላር በከንቱ የሚበትን ኩባንያ የለም። የተከፈለው ብዙ ሰው ቀድሞ የተዘጋጀለትን ነገር እንደማይቀይር ስለሚታወቅ ነው። የፍለጋ ሳጥኑና መነሻ ገጹ አንድ ባይሆኑም አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም የሚሸጡት ያንኑ ሸቀጥ፣ የሰውን የመጀመሪያ እይታ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1990ዎቹ ኔትስኬፕ የተባለው ብሮውዘር ሲከፈት ብቅ የሚለው የኩባንያው የራሱ ገጽ ነበር። ብዙ ተጠቃሚ ገጹን እንዳገኘው ስለተወው ኩባንያው ኔትሴንተር የተሰኘ ትልቅ የማስታወቂያ አደባባይ ባለቤት ለመሆን በቃ። አሜሪካ ኦንላይን በኖቬምበር 1998 ኔትስኬፕን በ4.2 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ለመግዛት ሲስማማ ዓይኑን ከጣለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አደባባይ ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር ኔትስኬፕ የብሮውዘሩን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ ሞዚላና ኋላም ፋየርፎክስ የተገኙት ከዚያ ነው።

በሰው ገጽ ላይ መደላደል ምን እንደሚያስከትልም ገበያው አይቶታል። ጉግል በ2005 ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ የሚያሰናዳው መነሻ ገጽ አወጣ፤ በኋላ አይጉግል ተባለ። ዜናውን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የአክሲዮን ዋጋውን በአንድ ገጽ ደርድሮ ቀኑን በዚያ የሚጀምር ሰው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2013 ገጹ ተዘጋ። ቤቱን ያሳመረው ተከራዩ ነበር፤ የዘጋው ግን ባለቤቱ ነው።

ቅጂው በነጻ፣ ሥራው በጥቂት ሰዓት

እንግዲህ ነጋዴው የራሱን ገጽ ለማቆም ምን ያስፈልገዋል? እንደ ድሮው ቢሆን ፕሮግራመር ቀጥሮ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ኮዳቸው ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ የመነሻ ገጽ ሥራዎች ሞልተዋል። ከታወቁት አንዱ ሆመር ይባላል፤ ሌላው ዳሺ ነው። ሁለቱም ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ይገኛሉ። ጊትሃብ በ2008 የተቋቋመ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ሆመርን ለምሳሌ እንውሰድ። ከጀርባው ዳታቤዝ የለውም፤ ሁሉም ነገር የሚታዘዘው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ የድርጅቱ ስም፣ የገጹ ቀለም፣ የዘርፎቹ አርዕስትና በየዘርፉ ሥር የሚደረደሩት አድራሻዎች ይጻፋሉ። በአማርኛ ቢጻፍም ይቀበላል። ዓይነቱ ያምል የሚባል አጻጻፍ ነው፤ ፕሮግራመር መሆንን አይጠይቅም። ጥንቃቄው መስመሮቹ በባዶ ቦታ ተገብተው ደረጃቸውን ጠብቀው መጻፍ ያለባቸው መሆኑ ላይ ነው። አንድ መስመር ያለቦታው ከገባ ገጹ አልከፈትም ሊል ይችላል።

ባለሙያዎቹ ፎርክ ማድረግ የሚሉት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በግልጽ አማርኛ ሲነገር፣ ከዋናው ሥራ የራስን ቅጂ ገንጥሎ በራስ ስም ማስቀመጥ ማለት ነው። የጎረቤቱን የቤት ፕላን ባለቤቱ ፈቅዶለት ገልብጦ በራሱ ቦታ ላይ ቤት እንደሚሠራ ሰው ያለ ነው። ጎረቤቱ በኋላ ጣሪያውን ቢያሻሽል ማሻሻያውን መውሰድ ይቻላል፤ ቤቱን ቢያፈርስ ግን የገልባጩ ቤት አብሮ አይፈርስም። የአይጉግል ደንበኞች ያላገኙት ዋስትና ይህ ነው።

ለመሆኑ ገጹ ላይ ምን ይቀመጣል? የአንድን አስመጪ ቢሮ ማሰብ ይበቃል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የየባንኩን የዕለት ተመን ሳያይ ዋጋ የሚቆርጥ አስመጪ ራሱን ለኪሳራ ያጋልጣል። ስለዚህ የባንኮቹ የተመን ገጾች በአንድ ዘርፍ ይሰለፋሉ። የጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትና የግብር ማሳወቂያው በሌላ ዘርፍ ይገባሉ። ቡና ላኪ ከሆነ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ወደ አክሲዮን የሚያይ ባለሀብት ከሆነ ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ይጨመራል። ይህን ሁሉ አሰናድቶ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ለለመደ ሰው ግማሽ ቀን አይሞላም።

ትክክለኛው በር

ጥቅሙ ሰዓት መቆጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል ባላወያየ ነበር። ዋናው ትርፍ ሌላ ነው። ብዙ ሠራተኛ የባንኩን አድራሻ አያስታውስም፤ የባንኩን ስም ፍለጋ ሳጥኑ ላይ ጽፎ ከላይ የመጣለትን ይጫናል። ከላይ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ባንኩ አይደለም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. በዲሴምበር 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ወንጀለኞች በፍለጋ ገጾች ላይ የማስታወቂያ ቦታ እየገዙ የታወቁ ድርጅቶችን ገጽ የሚመስል የሐሰት ገጽ እንደሚያቀርቡና የሰው የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ እንደሚዘርፉ ገልጿል። ምክሩም አድራሻውን በቀጥታ መጻፍ ይሻላል የሚል ነበር። ትክክለኛው አድራሻ አንዴ ተጣርቶ በድርጅቱ ገጽ ላይ ከሰፈረ ሠራተኛው በየጠዋቱ ከአጭበርባሪ ጋር ዕጣ መጣጣሉ ይቀርለታል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ አይጠፉም። «ብሮውዘሩ ራሱ አድራሻ ማስቀመጫ አለው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ለአንድ ሰው። ብቻውን የሚሠራ ደላላ አድራሻዎቹን ብሮውዘሩ ውስጥ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል፤ ፎርክ ምናምን ማለቱ ለእሱ ትርፍ ነገር ነው። የሽያጭ ክፍል፣ የሒሳብ ክፍልና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ያለው ድርጅት ግን ሌላ ነው። አንዱ ባንክ አድራሻውን ቢቀይር በየኮምፒዩተሩ እየዞሩ ከማረም አንድ መስመር አንድ ጊዜ ማረም ይሻላል። አዲስ የተቀጠረ ልጅም ጠያቂ ሳያስቸግር በመጀመሪያው ጠዋት ሁሉንም ያገኛል።

አደባባይ ወይስ ጓዳ?

ነጋዴው ማወቅ ያለበት ግን እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው «ሥራው አልቋል፤ የት ላስቀምጠው?» ብሎ ሲጠይቅ «አንተ እንዳወቅህ» የሚል መልስ መስጠት የተለመደ ነው። ይህ ጥያቄ የባለሙያ ሳይሆን የባለቤት ጥያቄ ነው።

ነጻውና ቀላሉ መንገድ ጊትሃብ በሚሰጠው የገጽ ማሳያ አገልግሎት ላይ ማውጣት ነው። ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ጠዋት ተጭኖ ከሰዓት ከየትም ይታያል። ይሁን እንጂ ነጻ ነገር ውል አለው። ነጻው አገልግሎት የሚሠራው ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ነው። ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሥራ ላይ ፎርክ የተደረገ ቅጂም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ፎርክ ሆኖ እስካለ ድረስ ወደ ዝግ መቀየር አይቻልም። አገልግሎቱ የንግድ ሥራ ማካሄጃ ወይም የመስመር ላይ ሱቅ እንዲሆን እንደማይፈቀድም በደንቡ ተጽፏል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ያ ሁሉን የሚያዘው የጽሑፍ ፋይል ከነዝርዝሩ ማንም መንገደኛ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። ገጹ ላይ የብሔራዊ ባንክና የጉምሩክ አድራሻ ብቻ ቢኖር ጉዳት የለውም፤ እነዚህን አገር ያውቃቸዋል። ነገር ግን ሰው ሲመቸው ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት የባንክ አድራሻ ይገባል፤ በሁለተኛው የጓንዡው አቅራቢ የዋጋ ዝርዝር ማያያዣ ይከተላል። ወር ሳይሞላ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ የመጋዘኑ ካሜራ አድራሻ፣ «እንዳይረሳ» ተብሎ የተጻፈ የይለፍ ቃል ይጨመራል። ደላላ ሀብቱ ስልክ ቁጥሩ ነው፤ አስመጪ ሀብቱ አቅራቢውና የገዛበት ዋጋ ነው። ይህን አደባባይ ላይ ሰጥቶ «ገጻችን አማረ» ማለት የሱቅን የሒሳብ መዝገብ በር ላይ እንደመስቀል ነው።

ሰርዤዋለሁ ብሎ መጽናናትም አይበጅም። እንዲህ ያለው የኮድ ማከማቻ የተሠራው የትናንቱን ጽሑፍ እንዳይረሳ ነው። ዛሬ የተሰረዘው መስመር በለውጦቹ ታሪክ ውስጥ ከነቀኑ ተመዝግቦ ይገኛል። አንዴ የወጣ የይለፍ ቃል መድኃኒቱ መሰረዝ ሳይሆን መቀየር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጓዳ ነው። ሆመር ቀላል ስለሆነ ከአገልግሎት ውጪ ሊሆን የቀረበ የቢሮ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ በማድረግ አይከፈትም፤ ገጽ የሚያቀርብ የሰርቨር ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ይህም በነጻ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ በቢሮው የውስጥ መስመር ላይ ሲቀመጥ ገጹ ለቢሮው ሰዎች ብቻ ይታያል። ተጨማሪ ትርፍም አለው። የኢንተርኔቱ መስመር ሲቋረጥ የባንኩ ገጽ ባይከፈትም የራስ ገጽ ይከፈታል፤ በዚያው የውስጥ መስመር ላይ የተቀመጠው የዋጋ ዝርዝርና የዕቃ መዝገብም አብሮ ይገኛል። በአንጻሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና አነስተኛ ባትሪ ቢኖረው ይመረጣል።

ሆመር የራሱ በር ጠባቂ እንደሌለው ግን መታወቅ አለበት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የቢሮውን ዋይፋይ የሚጠቀም እንግዳ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ጓዳ ውስጥም ቢሆን ገጹ በር እንጂ ካዝና አይደለም። አድራሻ ይጻፍበት፤ የይለፍ ቃል አይጻፍበት።

ቁልፉ በማን ስም ነው?

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄ ደግሞ የባለቤትነት ነው። ገጹን ያቆመው ወጣት ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው በራሱ ኢሜይል የከፈተውን የራሱን ሒሳብ ነው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ስለሚቀለው ነው። ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ግን ገጹም አብሮት ይሄዳል። ድርጅቱ አንዲት ፊደል ለማረም የቀድሞ ሠራተኛውን ስልክ መደወል ሊኖርበት ነው።

ጉዳዩ ከማስቸገር ያልፋል። ሠላሳ ሠራተኛ በየጠዋቱ በእምነት የሚጫነው ገጽ ከሆነ፣ ያንን ገጽ ማረም የሚችል ሰው ሠላሳውንም ወደፈለገበት ሊመራቸው ይችላል። የባንኩ ስም እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ያለው አድራሻ ቢቀየር ማንም አያስተውልም። ከአጭበርባሪ ያድናል የተባለው ገጽ ቁልፉ በሌላ እጅ ከገባ የአጭበርባሪ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሒሳቡ በድርጅቱ ኢሜይል መከፈት፣ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚረጋገጥ ሁለተኛ ቁልፍ ሊኖረውና ከአንድ ሰው በላይ የሚያውቀው ሊሆን ይገባል። ሰው ሲለቅ የቢሮ ቁልፍ እንደሚመልስ ሁሉ ይህንንም ማስረከብ አለበት።

በፈቃዱ በኩል ያለው ግዴታ ቀላል ነው። ዳሺ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው፣ ሆመር ደግሞ አፓቼ 2.0 በሚባለው ፈቃድ የወጡ ናቸው። ሁለቱም ለንግድ መጠቀምንም መቀየርንም ይፈቅዳሉ። በምላሹ ቅጂው ለሌላ ሲተላለፍ የሠሪዎቹ የባለቤትነት ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ እንዲቆይ ይጠይቃሉ፤ አፓቼ በተጨማሪ የተቀየሩት ፋይሎች መቀየራቸው እንዲገለጥ ይፈልጋል። የሠሪውን ስም ፍቆ «የእኛ ፈጠራ» ብሎ ለሌላ ድርጅት የሚሸጥ ባለሙያ ከገጠመ ገዢው የሚገዛው የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን ይወቅ። ሌሎች ሥራዎች ጠበቅ ያለ ፈቃድ ስላላቸው ከመቅዳት በፊት የፈቃዱን ፋይል ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ወጪ እንክብካቤ ነው። ኮዱን እዚህም እዚያም የነካካ ሰው ዋናው ሥራ ሲሻሻል ማሻሻያውን ለመውሰድ ይቸገራል፤ የራሱ ለውጥና የሠሪዎቹ ለውጥ ይጋጩበታል። ብልሃቱ ለውጡን ሁሉ በዚያች አንድ የጽሑፍ ፋይል ወስኖ ዋናውን ኮድ አለመንካት ነው። ገጹ በየጊዜው ከውጭ የሚጠራቸው የፊደል ቅርጾችና ቁርጥራጭ ፕሮግራሞች ካሉም በራስ ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ፖሊፊል የተባለው ብዙ ገጾች ከውጭ የሚጠሩት አገልግሎት በፌብሩዋሪ 2024 ለሌላ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ፣ በጁን ወር ከ100,000 በላይ በሆኑ ገጾች በኩል ጎጂ ኮድ ሲያስተላልፍ መገኘቱን ያስታውሷል። የገጾቹ ባለቤቶች ራሳቸው ምንም አልቀየሩም ነበር።

ሲጠቃለል፣ ሥራው ለነጋዴ የሚያዋጣ ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂት፣ የሚያስቀረው አደጋ ብዙ ነው። ሆኖም ነጻ ነው ተብሎ ያለ ተቆጣጣሪ የሚተው ከሆነ ሳይጀመር ቢቀር ይሻላል። ባለቤቱ ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሥራውን ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ማስፈር ነው፤ ገጹ አደባባይ ወይስ ጓዳ እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደማይጻፍበት፣ ሒሳቡ በማን ስም እንደሚከፈት። ወረቀቱ ከንግድ ፈቃዱና ከኪራይ ውሉ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።